ከንፈር መምጠጥ በሁለት ስትሮ

ባሕር ዳር ጁስ ቤት ገብቶ አቮካዶ ላዘዘ ሰው ምስጋና ይድረሰው። አቮካዶው ብርጭቆው ቢገለበጥ እንኳ ንቅንቅ የማይል ነው። ስትሮው መሐሉ ላይ ያለ ደጋፊ እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጠጪው ግን አይበገርም። ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ይስባል። እምቢ ሲለው «ስትሮ ጨምሪልኝ እስቲ» ይላል። በመጨረሻ በማንኪያ ይበላዋል፤ ሁለቱም ስትሮዎች ግን ጫፋቸው እስኪሰለቅ ታኝከው ሥራቸውን ጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ስሌቱን ማድነቅ ግድ ነው። በቀጭን ቱቦ የሚያልፍ ፈሳሽ የሚታዘዘው ለቱቦው ስፋት ነው፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ትንፋሽ የሚመጣው ፈሳሽ 16 እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ ስትሮ መጨመር ግን ቢበዛ እጥፍ ብቻ ነው የሚያመጣው። የተለመደው ስትሮ ውስጡ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ለአቮካዶ ከ10 ያላነሰ ያስፈልግ ነበር። የእኛ ሰው ግን ከሳይንስ ጋር ተሟግቶ በጉንጩ የሚረታ ጀግና ነው።

ጁሱ እስኪመጣ ጣናን አሻግሮ ያያል። «ይኼ ሐይቅ እኮ ሊያልቅ ነው!» ይልና ከንፈሩን ይመጥጣል። ስለ እምቦጭ ይመጥጣል፣ ስለ ደለሉ ይመጥጣል። ከዚያ ስትሮውን ይመጥጣል። ሲወጣ እዚያው ዳር ላይ ይጥለዋል። ይህን እንደ ጥፋት አትቁጠሩበት፤ ሰውየው ለስትሮው አገር እያስጎበኘው ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ ስትሮ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን በዚያው መጠን 900 ግራም ገደማ ስለሆነ አይሰምጥም። ከአባይ ድልድይ ሥር ያልፋል፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ አባይ ላይ ይዘላል፤ አንዱ ቋጥኝ ካልያዘው ጎጃምን በምሥራቅም በደቡብም ዞሮ ወደ ጉባ ያመራል። ባለቤቱ ደጀንን ሳያይ ስትሮው አገሩን ጨረሰ ማለት ነው። ለግድቡ ቦንድ ያልገዛ ሰው ስትሮ ቢልክ ምን ይደረጋል?

የነቃው ወገን ደግሞ «ከተክል የተሠራ፣ በአፈር የሚበሰብስ» የሚል ስትሮ አገኘና ኅሊናው ዐረፈ። ዕቃው ፒኤልኤ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከበቆሎ ስታርች የሚገኝ ነው። እውነት ነው፣ ይበሰብሳል። ግን ወደ 60 ዲግሪ በሚግል የፋብሪካ ማብላያ ውስጥ፣ ሳምንታትን ቆይቶ ነው። ጣና 60 ዲግሪ እስኪገባ ቢጠበቅ ስትሮው ከመበስበሱ በፊት ቆሮሶውና አምባዛው ተቀቅሎ ይወጣል። ሐይቅ ውስጥ የተጣለ ፒኤልኤ ከፕላስቲክ ወንድሙ የሚለየው በሚጥለው ሰው የልብ ሰላም ብቻ ነው። ትኩስ ሻይ ውስጥ ከገባ ደግሞ እንደ ፓስታ ይልፈሰፈሳል። የወረቀቱማ ገና ጁሱ ሳያልቅ ሙጫው ይለቅና ጠጪውን ወረቀት ያስበላዋል።

«ታዲያ ደንገሉ እያለ!» የሚል ተቆርቋሪ አይጠፋም። ታንኳ የሚያንሳፍፈው ደንገል ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡም እንደ ስፖንጅ ድፍን ነው፤ በእሱ ጁስ ከመሳብ ታንኳውን መሳብ ይቀላል። የአዊ ቀርከሃ ባዶ ነው፤ ግን ግንዱ ለጣሳ እንጂ ለአፍ አይሆንም፤ ቀጫጭኑን ጫፍ መምረጥ ያሻል፤ ውስጡ በቀጭን ብሩሽ ካልታጠበም ይሸታል።

የሚሆነውስ የስንዴ አገዳ ነው። ሳይወቃ በማጭድ መታጨድ አለበት፤ በሬ ከረገጠው ወይም ኮምባይነር ከዋጠው ጭድ ነው። ከአንጓ እስከ አንጓ ያለው ባዶው ክፍል ብቻ ይወሰዳል፤ አንጓው ድፍን ስለሆነ እሱን ይዞ የተቆረጠ ስትሮ እስከ ነገ ቢሳብ ትንፋሽ አያሳልፍም። ከዛላው ሥር ያለው ይረዝማል ግን ይቀጥናል፤ ከሱ ዝቅ ያለው ይሻላል። አጫጭር ምርጥ ዘሮች ለኩንታል እንጂ ለዚህ አልተፈጠሩም። ቅጠሉ ከተላጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ደረቁን የቆረጠ ጫፉን ይሰነጥቀዋል። በስለታም ምላጭ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ከዚያ ተበትኖ በጥላ ይደርቃል። ቸኩሎ እርጥቡን በፌስታል የቋጠረ ሰው ሲፈታው ሻጋታ ያገኛል። ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና ለብርቱካን፣ ለለስላሳ፣ ለቀጠነ በሶ ይበቃል። ለአቮካዶ ማንኪያ አለ።

ወይ ጭራሹን አለመጠቀም ነበር። ሱመራውያን ከዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ጠላቸውን በሸምበቆ የሳቡት ገለባው አፋቸው እንዳይገባ ነው። ጎጃም ያን ሥራ ለእፍታና ለጢም ሰጥቶ በዋንጫ ሲጠጣ ኖሯል። ግን ይህ ኋላ ቀርነት ነው፤ ይቅር።

ይኼ ሁሉ ተለፍቶ የስንዴው ስትሮ ጠረጴዛው ላይ ቢቀርብለት ጠጪያችን ምን እንደሚል እናውቃለን።

«ገለባ? እኔን እንደ በሬ?»

ክብር ክብር ነው። ይመልሰውና ሁለት ፕላስቲክ ይቀበላል። ከጁስ ቤቱ ጀርባ፣ ቆሻሻው ላይ የቆመው በሬ የትናንቱን ስትሮ እያላመጠ ነው።