ከንፈሯ ተሰፍቶ ወጥ ያሠራናት

የጎንደር ሰዎች፣ በተለይም የሰፈሬ ሽማግሌዎች፣ የምናገረው ለእናንተ ነው።

ያቺ ባሏ ፊቷን በጡጫ የመታት የቅዳሜ ገበያ ጎረቤታችን ከንፈሯ ተሰፍቶ ከሕክምና ስትመለስ ሁላችሁም አይታችኋታል። ደፍራ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አመለከተች። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ተላከባት። «የባልና የሚስት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ እሱ ቢታሰር ልጆችሽን ማን ያሳድግልሻል?» ተባለች። የነፍስ አባቷም ተጨመሩ። በማግስቱ ጣቢያ ተወስዳ «አቤቱታዬን ትቻለሁ» በሚል ወረቀት ላይ አሻራዋን አኖረች።

ለእርቁ በግ ታረደ። ወጡን ማን የሠራው መሰላችሁ? እሷው ናት! የተሰፋው ከንፈሯ በርበሬ ስለማይችል ጨውን የቀመሰችላት ትንሿ ልጇ ነበረች። ከእናንተ አንዱ ጎረሰና «ጨው አንሶታል» አለ። ሳቃችሁ።

ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ወረቀቱ ለምን እንደተፈለገ ታውቃላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ቢያነሳም፣ ቅጣቱን የሚመራው ለማንኛውም የአካል ጉዳት ወደተደነገጉት አንቀጾች ነው። ቀላል የሚባለው ጉዳት ደግሞ በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት የሚያስቀጣው ተበዳይ ስታመለክት ነው። ስለዚህ ክሱ በእሷ እጅ ነው፤ እጇን የያዛችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ሚስት ለባሏ ትታዘዝ ይል የነበረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ የክልላችን የ1995ቱ የቤተሰብ ሕግ ሽሮታል። ከቤታችሁ ግን ገና አልወጣም።

ሽምግልናን ጠልቼ አይደለም። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስታርቃችሁ ከአንድ መሶብ ሲቆርሱ አይቻለሁ፤ አኩርታችሁኛል። ታዲያ የገዳይን ወገን ካሳ የምታስከፍሉ ሰዎች ለዚች ሴት ከ«ቻይው» በቀር ምን አስከፈላችሁላት? በጉን እንኳ መቺው አብሯችሁ በላው።

ሕግ አውጪዎችም ቢሆኑ ይስሙ። ቤት ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ፣ ቀላል ቢባልም፣ የተበዳይዋ አቤቱታ ሳይጠበቅ ዐቃቤ ሕግ ይክሰስበት። ፍርድ ቤት መቺውን ከቤት የሚያርቅበት ትእዛዝ ይደንገግ። አንቀጽ 620ም «ከጋብቻ ውጪ» እያለ ሚስትን ከአስገድዶ መድፈር ጥበቃ ማስቀረቱ ይብቃው።

ይህ እስኪሆን ስንት በግ እንደሚታረድ እግዜር ይወቅ። ከመካከላችሁ ለአንዱ አዛውንት «በሚቀጥለው አልሄድም በሉ» ብያቸው ነበር። አልተቆጡም። «አስብበታለሁ» አሉኝ፤ ለጊዜው ከእናንተ ያገኘሁት ይህችን ብቻ ነው፤ ይዣታለሁ።