ስንተኛ ወጣ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን የተጠበሰ ቆሮሶ እየበላን ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት ግን አሳው አልታያትም። ቪዛው ወጥቶላቸዋል፤ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር እኛ ወዳለንበት ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሊመጡ ነው። «ጋሼ፣ ከአሁኑ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ፈልግልን፤ ክፍያውንም ቁርጡን ንገረን» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። ሐዋሳ ላይ አቅም ላለው ወላጅ ጥሩ ትምህርት ቤት ማለት የግል ነው። ልጆቿ በየማለዳው በባጃጅ ተጭነው፣ ደጃቸው ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት አልፈው ነው የሚሄዱት።

«የምንፈልገው ትምህርት ቤት ሳይሆን ቤት ነው» አልኳት። ግራ ገባት።

እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ነፃ ነው፤ ልጁ የት እንደሚማር የሚወስነው ግን የቤቱ አድራሻ ነው። የኪራይ ውል፣ የልደት ማስረጃና የክትባት ካርድ ይዞ የሄደ ወላጅ በኅዳርም በየካቲትም ልጁን ያስመዘግባል፤ «መስከረም ተመለስ» የሚለው የለም። የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ የለውም ተብሎ ልጅ ከትምህርት እንዳይከለከል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. ወስኗል።

ታዲያ ሁሉም ስልኩን ከፍቶ ለየትምህርት ቤቱ ከ1 እስከ 10 የተሰጠውን ነጥብ ያያል። እኔም አይቻለሁ። 9 ያለበት ሰፈር ኪራዩ ደመወዜን እንዳለ የሚውጥ ሆነብኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የፈተና ውጤት የወላጅን ገቢ ተከትሎ ይወጣል፣ የትምህርት ቤቱ በጀትም ከፊሉ ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ነው የሚሰበሰበው። 9 ቁጥሩ የሚናገረው የመምህሩን ጉብዝና ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩንም ኪስ ጭምር ነው። 5 ያለበት ሰፈር ገባን፤ ልጆቼን የመሰሉ መጤዎች የሞሉበት ነበር፣ አልተቆጨሁም።

የሚቆጨኝ ቅጹ ነው። ምዝገባ ላይ ልጁ መጀመሪያ አፉን የፈታበትን ቋንቋና ቤት ውስጥ የሚነገረውን ይጠይቃሉ። እኔ ብልጡ «እንግሊዝኛ» ብዬ ሞላሁ። እንዴት አልል? ስንት ብር ከፍዬ ነው በእንግሊዝኛ ያስተማርኩት! ሌላ ቋንቋ የጻፈ ወላጅ ልጅ የእንግሊዝኛ ችሎታው ይፈተንና ካስፈለገው ረዳት መምህር ይመደብለታል። የእኔ ልጅ ሳይፈተን ቀረ። መጽሐፍ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ያውቃል፤ መጫወቻ ሜዳ ላይ የሚወራው ግን ሌላ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ።

«አማርኛ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «ሲዳምኛም እየተማሩ ነው፤ እሱን ልደብቀው?» አለች። «ምኑ ይደበቃል?» አልኳት። የእሷን ልጆች የሚያህል ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ እዚያ ስንቱ ክፍል ውስጥ ይገኛል?

የዓመተ ምሕረቱንም ነገር አደራ አልኳት። የትንሹ ልጅ የትምህርት ቤት ካርድ የተወለደበትን ዘመን 2010 ይላል። አስተርጓሚው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይመልስ እንዳለ ከገለበጠው የ8 ዓመቱ ልጅ በአንዴ የ16 ዓመት ጎረምሳ ይሆናል። ክፍል የሚመደበው ደግሞ በአብዛኛው በዕድሜ ነው። በሳቅ ሞተች፤ ማታውኑ ግን ካርዱን አውጥታ ስታገላብጥ አየኋት።

ባሏ እስከዚያ ድረስ አሳውን እየፈለቀቀ ዝም ብሎ ነበር። ትልቋ ልጁ ዘንድሮ ከ52 ተማሪ 3ኛ ወጥታ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። «እና እዚያ ስንተኛ እንደወጣች መቼ ነው የሚነግሩን?» አለ።

አይነግሩም። የእኔዋን ሴት ልጅ መምህር መጀመሪያ ያነጋገርኳት ቀን ስለ ንባቧ፣ ጓደኞቿን ስለመርዳቷ፣ ስለ ሥዕሏ ሩብ ሰዓት አወራችልኝ። እኔ የምጠብቀው አንዲት ቁጥር ነበር። አላስችል ሲለኝ «ለመሆኑ ስንተኛ ናት?» አልኳት።

መምህሯ ትንሽ አሰበችና «ከማን?» አለችኝ።

«እና ምን ብለህ መለስክ?» አለ ባሏ።

አሳው ሳይቀዘቅዝ እንብላ አልኩት።