ይድረስ ለክቡር እምቦጭ፣ ተንሳፋፊው የውኃ አረም፣ ጣና ሐይቅ

ቁጥር፦ አልተሰጠውም
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በድሮው የደብዳቤ ወግ ቢሆን «ሰላምታዬ እንደ ጣና የጠለቀ ይሁን» ብዬ በጀመርኩ። ግን ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 15 ሜትር ቢደርስ ነው። አማካዩማ ከ10 ሜትርም በታች ነው። ስለዚህ ሰላምታዬን ሰፊ ነው ብለው ይቀበሉኝ፤ ጥልቀቱን አይለኩብኝ።

እንዴት ከረሙ? ክረምቱ ተስማማዎት? እኛ እርስዎን ከማማት በቀር ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎት ከልብ ሳደንቅዎት ኖሬ ነው። አገርዎ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን አካባቢ ነው። ወደኛ አገር በ1965 እ.ኤ.አ. ገደማ ገብተው ቆቃና አዋሽ ላይ ታዩ። ከዚያ አልቸኮሉም። በ2011 እ.ኤ.አ. ከጣና ሰሜን፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ብቅ አሉ። የቀበሌ መታወቂያ አልጠየቁም፣ ካርታ አላወጡም፣ ማኅበር አልተደራጁም። ባሕር ዳር ውስጥ ለአንዲት ቁራጭ ቦታ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ያውቃሉ? እርስዎ በጥቂት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ይዘው ተንጣለሉ። ይህ ካልተደነቀ ምን ይደነቃል?

እኛ ባሕር ዳሮች መጀመሪያ ያየንዎት በቴሌቪዥን ነው። የሰፈሩት በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ስለነበር፣ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚነቅልዎት የዚያ አገር ገበሬ ነበር። እኛ ሐይቅ ዳር ቡናችንን እየጠጣን «ኧረ ጣና ሊጠፋ ነው!» እያልን እንቆጭ ነበር። ያች ሐምራዊ አበባዎም ውብ ናት፣ አልዋሽም። ከጀርባዋ ቆሞ ፎቶ የተነሳ ሙሽራ አይቻለሁ። የሠርጉ አልበም ውስጥ ከሚዜዎቹ ይልቅ እርስዎ ያምራሉ።

ወደ ምስጋናው ልግባ። በእርስዎ ምክንያት ቲሸርት አታሚው ሠርቷል። ባነር ሰቃዩ ሠርቷል። ድምፅ ማጉያ አከራዩ ልጆቹን አስተምሯል። አንድ ጊዜ ለእርስዎ በተጠራ አውደ ጥናት ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ በመስኮቱ ሐይቁን ያያል። የአዳራሹ ፍሳሽ ወዴት እንደሚያይ ግን ማንም አልጠየቀም። ባለድርሻ አካላት ተናገሩ፣ ሌሎች ባለድርሻ አካላት የቀደመውን ሐሳብ አጠናከሩ፣ ሻይ ተጠጣ። አበሉ ሲታደል የነበረው ሰልፍ ከእርስዎ የመራባት ፍጥነት ጋር ይወዳደራል። እርስዎ ሙቀቱና ምግቡ ከተመቸዎት በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናሉ፤ ሰልፉ ግን በአምስት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከሽሙጡ ላውጣ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኦሮሚያ «ጣና ኬኛ»፣ ጣና የኛ፣ ብለው የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ያን የመሰለ ጉዞ አይፎገርበትም። በባዶ እጁ ሲነቅልዎት የዋለ ማንም ሰው አይፎገርበትም።

ያስቀናኝ ከተነቀሉ በኋላ የሚያደርጉት ነው። ነቅለን ዳር ላይ ከመርንዎት። ፎቶ ተነሳን። አጨበጨብን። ሁላችንም ወደ ቤታችን ሄድን። ክረምት ገባ፣ ሐይቁ ሞላ፣ ከክምሩ ያልደረቀውን አንስቶ መለሰው። ተቆርጦ የቀረው ቁራጭዎም ለብቻው ሥር አውጥቶ ቤተሰብ መሠረተ። ዘርዎ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይተኛል ይባላል። ይህን ያህል ጊዜ ተኝቶ ሥራውን የማያጣ ከእርስዎ ሌላ አላውቅም። ማሽንም መጣልዎ። ማሽኑ ጥልቀት የሌለው ጭቃ ውስጥ አልገባም አለ። እርስዎ ደግሞ የሚወዱት እሱኑ ነው።

ስለ ነቀዞቹ ሰምተዋል መቼም። ከራስዎ አገር የመጡ፣ እርስዎን የሚበሉ፣ ኒዮኬቲና የሚባሉ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተለቅቀው በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ክፉኛ አመናምነውዎት ነበር። አንድ ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ «እሱን ጨርሰው ጤፋችን ላይ ቢወጡስ?» አለኝ። አይወጡም፤ ከእርስዎና ከቅርብ ዘመዶችዎ ሌላ አይጥማቸውም። ግን እዚያም ቢሆን ነቀዝ ብቻውን አልሠራም፤ የዚያን ጊዜው ከባድ ዝናብና ማዕበል አግዞታል። ምግብዎ፣ ከማሳና ከከተማ የሚታጠበው፣ ወደ ሐይቁ መፍሰሱን አላቆመምና በኋላ ተመልሰው መጡ። እንግዲህ ነገሩ ያለው ምግቡ ላይ ነው።

እናም ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ ለእርስዎ ቢጻፍም ግብዣው የእኛ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ዳርቻው ላይ ሌላ ነዋሪ ነበር። ደንገል ይባላል። ከሰው ቁመት በላይ ረዝሞ፣ ሥሩን ጭቃው ውስጥ ሰድዶ፣ እንደ እርስዎ ሳይንሳፈፍ የሚኖር። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ከደጋው አፈር ተሸክመው ሲመጡ ውኃውን ያዝ አድርጎ ደለሉን የሚያስቀር እሱ ነበር። ማዳበሪያውንም ይመጥጣል። ጫጩት ዓሣ በእግሩ ሥር ትሸሸጋለች። ጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርበስ ዓሦች አሉ፤ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ነው የሚወጡት። የወንዞቹ አፍ ሲደፈን መንገዳቸው ይደፈናል።

ደንገሉ ለሰውም ነበር። ታንኳ ይሠራበታል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር የሚገባው ታንኳ ምስማር የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የደረቀ ደንገል ታስሮ ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ሙያ ነው፣ እጃቸው ያውቀዋል። ደግሞ ደንገል ከላዩ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ ካልነቀሉት በቀላሉ አይጠፋም።

እኛ ከነሥሩ ነቀልነው።

ነገሩ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ከክረምት በኋላ ሐይቁ ሲሸሽ ባሕር ሸሹ መሬት ይታረሳል፤ ሽንብራውም ጓያውም በእርጥበቱ ይበቅላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ውኃው ክፉኛ ሲወርድ እርሻው ተከትሎት ገባ። ከዚያ በፊት በ1996 እ.ኤ.አ. አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ መጥቷል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ። የሐይቁን መውረድና መውጣት ከዝናቡ ጋር በርና ቫልቭም ይወስኑት ጀመር። በፎገራ ሸሸርና ወላላ የሚባሉት እርጥብ መሬቶች፣ የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ወፎች ሳይቀሩ የሚያርፉባቸው፣ ውኃቸው ለመስኖ ተሳበ፣ መሬታቸው ታረሰ። ሩዙ ተስፋፋ። ሩዙ ገበሬውን አብልቶታል፣ አልክድም። ሁለት ጥማድ መሬት ለአምስት ልጅ የሚያካፍል ሰው ውኃ ለቅቆለት የሄደውን ጥቁር አፈር ቆሞ እንዲያየው ማን ይነግረዋል?

ጫፍ ላይ ያለው ቀልድ ግን የእርስዎ ነው። ማዳበሪያውን ገበሬው በወረፋ፣ በብድር፣ አንዳንዴም በልመና ያገኛል። ዝናብ ሲመጣ ከማሳው ታጥቦ ለእርስዎ ይደርሳል። በነፃ፣ ወረፋ ሳይያዝ፣ እስከ በራፍዎ። የከተማውም ፍሳሽ እንዲሁ። እኛ በቀኝ እጃችን እየነቀልንዎት በግራው እያጎረስንዎት ነው። ይህን የመሰለ የእንግዳ አቀባበል ሌላ አገር አላገኙም መሰለኝ።

አሁን አይደንግጡ እንጂ ትንሽ ዛቻም አለኝ። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተቻችለው እንዲኖሩበት የተለየ ቦታ ነው። ካርታ አለው። ካርታው ላይ ከዳርቻው የተወሰነው ለጥበቃ ተለይቶ አረንጓዴ ተቀብቷል። መሬቱ ላይ አረንጓዴው ጓያ ነው። ካርታውና መሬቱ የሚገናኙበት ቀን ከመጣ ለእርስዎ ጥሩ አይሆንም። የሚያስፈልገው ብዙ ብልሃት አይደለም። ከብትና ማረሻ ከውኃው ጠርዝ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ የደንገል ሥር እየተቆፈረ ይተከል፤ ላይ ደጋው እርከን ይሠራ፤ ከተማው ፍሳሹን ያጣራ። ደንገል ቢመለስ ወዲያው ይጠፋሉ አልልም። ግን ገበታዎ ይሳሳል።

እስከዚያ ድረስ በሰላም ይተኙ። ምክንያቱም በተገኘሁበት አዳራሽ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ዳርቻውን ለደንገል የለቀቀ ገበሬ የዚያን ዓመት ጓያውን ማን ይከፍለዋል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሰብሳቢው ጥያቄውን በጣም ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ምሳ ሄድን።

ምሳው ዓሣ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕር ዳር ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለነቀዞቹ፣ ባሉበት
ለደጋው አፈር፣ በጉዞ ላይ
ያን ጥያቄ ለጠየቀው ሰው፣ ከመልስ ጋር አልተያያዘም