በጥፊ የሚያምን ተጠርጣሪ ሰለቸኝ

ኧረ በፈጠራችሁ! የወንጀል ፊልም ሠሪዎች፣ እስከ መቼ ነው በአንድ ጥፊ ነገሩን የምትጨርሱት?

ከሥራ ስወጣ ወደ ፒያሳ ብቅ ብዬ ፊልም ማየት እወዳለሁ። ልብ አንጠልጣይ ከሆነማ አያመልጠኝም። ሰሞኑን ያየሁት ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ከአንድ ሰዓት በላይ "ማን ገደለው?" እያልን ተንጠልጥለን ቆየን። መርማሪው ገባ። ጠረጴዛውን ደበደበ። ልጁን በጥፊ አጮለው። ልጁ እንባውን አፈሰሰና "እኔ ነኝ" አለ። አለቀ! አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ "እኔማ ፊቱን ሳየው ገብቶኛል" ይላል።

ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ፊቱን ሳየው! አንድም ማስረጃ አልቀረበም እኮ። ልጁ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፤ ጃኬቱ አድፏል፤ ብቅ ባለ ቁጥር ያ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይለቀቃል። በቃ፣ አመንን። ሪቻርድ ፔቲና ጆን ካሲዮፖ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ይህንን አስረድተውታል። ሰው አንዳንዴ ክርክሩን መዝኖ ያምናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዳር ዳሩን አይቶ ነው፦ መልክ፣ አለባበስ፣ ድምፅ፣ ማዕረግ። በተለይ ሲደክመን ወይም ጉዳዩ እኛን ካልነካን በዳር በዳሩ እንነዳለን። ጎበዝ ዳይሬክተር በዚህ ያሳስተንና ኋላ ላይ ከራሳችን ጋር ያፋጥጠናል። ይሄኛው አሳስቶን፣ አስጨብጭቦ ወደ ቤታችን ሰደደን።

ደግሞስ ጥፊ የሰው ሐሳብ ይቀይራል እንዴ? አፍ ያስከፍታል እንጂ። የተመታ ሰው ዱላው እንዲቆምለት ያልሠራውንም ሠራሁ ይላል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ቁልጭ አድርጎ ጽፏል። ታዲያ በጥፊ የተገኘ ቃል እንዴት የፊልም መጨረሻ ይሆናል? መጀመሪያው ነው እንጂ!

መርማሪው ሻይ ይዘዝለት። "ያን ቀን ሰፈር ነበርክ አይደል?" ይበለው። "አዎ" ሲል፣ "በሩ ጋ ቆመህ ነበር?" እያለ ትንሽ ትንሽ ያስጠጋው። ትንሿን እሺ ያለ ሰው ለትልቁም እንደሚመች በፈረንጆቹ 1966 በጥናት ታይቷል። ይህም ንጹሑን ሊያጠምድ ይችላል። እሱ ራሱ ስንት ፊልም ይወጣዋል!

"ፊልም እኮ ነው" የምትሉኝ፣ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ "ሌባ!" ብሎ ሲጮህ አይታችሁ አታውቁም? "ማን አየ?" የሚል የለም። ሁሉም እጁን ይሰነዝራል። የሚመታው ደግሞ ሁሌም ልብሱ ያደፈው ልጅ ነው። ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ሰዎችን በቡድን አስቀምጦ የመስመር ርዝመት አስነጻጽሯል። ዓይናቸው እያየ፣ አብረዋቸው የተቀመጡት ሆን ብለው ስለተሳሳቱ ብቻ ከመልሶቹ ሲሶ ገደማው ተሳስቷል። ከመሀል አንድ ሰው እውነቱን ሲናገር ግን መሳሳቱ በጣም ቀነሰ። አንድ ሰው ብቻ!

እኔ የምፈልገው ያንን አንድ ሰው ነው። አንድ ጀማሪ ፖሊስ ከጥግ ተነስቶ "ቆይ፣ ልጁ በዚያ ሰዓት የት ነበር?" ይበል። አለቃው ይቆጣው። ባልደረቦቹ ይሳቁበት። እሱ ግን አሁንም ይጠይቅ። ለጥፊው የምታባክኑትን ደቂቃ ለሱ ስጡልኝ።