ቧንቧው ነዘረኝ ስትል የሳቅንባት ልጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቦይለር ነው። አትሳቁ። ሳቅ ምን እንዳመጣ አይቻለሁ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ በር ፊት ለፊት ያለው ቤት አንዲት ልጅ ትሠራ ነበር። ከገጠር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ሌሊት ይመጣል፣ ሲነጋጋ ይሄዳል። እሷ ታዲያ እንቅልፏን እያቋረጠች ጀሪካን ትሞላለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተገናኘንና «ጋሼ፣ የመታጠቢያው ቧንቧ ይነዝረኛል» አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? «ላስቲክ ጫማ አድርጊ!» ብዬ ሳቅኩ። እሷም አብራኝ ሳቀች። ትልቅ ሰው ሲስቅ ምን ታድርግ?

ለአሠሪዎቿም ነግራቸዋለች። መልሱ ያው ነበር፣ ጫማ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልብስ እያጠበች በእርጥብ እጇ ቧንቧውን ያዘች። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ የቤቱ ልጅ ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር አውርዶታል። እግዜር ይስጠው፣ ማንም ሳያስተምረው ነው ያደረገው። እስከዚያ ግን እጇ ብረቱ ላይ እንደተጣበቀ ነበር። ስትወድቅ ግንባሯ የመታጠቢያውን ጠርዝ መታው። መዳፏ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል። የሚሸት ነገር ነበረው። እሱን ዝም ብል ይሻላል።

አልሞተችም። አሳክመዋታል፣ አልዋሽም። በአራተኛው ቀን «እስኪሻልሽ» ተብላ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች። በሳምንቱ ሌላ ልጅ መጣች። ቦይለሩ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው። ማንም አልነካውም። ለአዲሷ ልጅ ግን ሰማያዊ ላስቲክ ጫማ ተገዝቶላታል፣ አዲስ፣ ዋጋው እንኳ ያልተነሳለት። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ጫማ ነው።

እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? የመኪናችንን ዘይት ኪሎ ሜትር ቆጥረን እንቀይራለን። ለሶፋችን ልብስ እናሰፋለን። ቦይለሩን ግን አንዴ ካሰቀልነው እስኪፈነዳ ወይ እስኪያፈስ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ከተበላሸም ርካሹን ሠራተኛ እንጠራለን። ሲጨርስ «ሞቀ?» ብለን ብቻ እንጠይቃለን።

አላስቻለኝም። ኤሌክትሪሻን ይዤ ጎረቤቶቼን አንኳኳሁ። ፊታቸው ባይፈታም አስገቡን። ክዳኑን ሲከፍተው፣ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ፣ መሬት የሚባለው፣ ተቆርጦ በቴፕ ተጠቅልሏል። ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ስለነበረ ነው አሉ። ማሞቂያው ኤለመንት ነጭ የድንጋይ ቅርፊት ለብሶ ተሰንጥቋል። ቀዝቃዛው ውሃ የሚገባበት ላይ መኖር የነበረበት ሴፍቲ ቫልቭ የለም። በእሱ ቦታ ተራ ኒፕል፣ ቧንቧ ከቧንቧ የሚያገናኝ አጭር ብረት፣ ገብቷል።

ሰውየው በትዕግሥት አስረዳን። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ሲሞቅ አንድ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። ቫልቩ ሲንጠባጠብ ሥራውን እየሠራ ነው። ደግሞም ውሃው ወደ መስመሩ እንዳይመለስ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከሌለ፣ ፈረቃው ባለቀ ቁጥር ታንኩ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል። ኤለመንቱ በባዶ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ኤሌክትሪኩ ውሃው ውስጥ ይገባል። መሬት ቢኖር በእሱ በኩል በወረደ። 30 ሚሊአምፒር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ቢኖር ደግሞ ልጅቷን ብዙም ሳይነካት በጠፋ። ሁለቱም ስለሌሉ የወረደው በእሷ በኩል ነው።

«ቫልቩን ማን አወጣው?» ብሎ ጠየቀ።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የላክልን ልጅ ነዋ።»

እውነት ነው። ባለፈው ዓመት የእኔ ቦይለር ሲንጠባጠብ «ውሃ በሌለበት አገር ውሃ ያባክናል» ብዬ ተማረርኩ። አንድ ልጅ መጥቶ በአሥር ደቂቃ ዝም አሰኘው። ደስ ብሎኝ ጉርሻ ጨመርኩለት። ስልኩንም ለጎረቤት አደልኩ። የእኔንም ስናየው ያው ኒፕል ነው ያለው። የእኔ የመሬት ሽቦ ስላልተቆረጠ ብቻ ነው እጄ ደህና የሆነው። ስለዚህ ጎረቤቶቼን ስወቅስ የከረምኩት ሰውዬ፣ ቫልቩን ያስወጣሁትም ጫማውን የመከርኩትም እኔ ነኝ። ለልጅቷ ደውዬላታለሁ። ሁለት ጣቷ ገና አይታጠፍም። «ደህና ነኝ ጋሼ» ነው የምትለው። ያ ድምፅ ከሁሉም ይብሳል።

እባካችሁ፣ በዓመት አንዴ ክዳኑን አስከፍቱ። ቅርፊቱ ይጠረግ። ታንኩ ውስጥ ያለው የማግኒዚየም ዘንግ ታንኩ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ እያለቀ የሚሄድ ነውና ይታይ። የሚንጠባጠበውን አትድፈኑት፣ ባልዲ ከሥሩ አኑሩና ውሃውን ተጠቀሙበት። «ይነዝረኛል» ያለች ካለች ብሬከሩን በዚያችው ደቂቃ አውርዱ። ቀዝቃዛ ውሃ ማንንም አልገደለም። እናቶቻችን በምን አሳደጉን?

ይህን ሁሉ በኮሚቴ ስብሰባ ላይም ተናግሬ ነበር። ከ24 አባወራ ሰባት መጣ። ሁለቱ ስልካቸውን ይነካካሉ። አንዱ ስለ ጥበቃው ደመወዝ አነሳና ጉዳዩ ወደዚያ ሄደ።

ትናንት ማታ ግን በሬ ተንኳኳ። አዲሷ ልጅ ናት፣ በሰማያዊ ጫማዋ። «የኤሌክትሪሻኑን ስልክ ስጠኝ ብለዋል፣ ለደመወዝ ሰሞን» አለችኝ። ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ሰጠኋት። እስከዚያ ብሬከሩ እንደወረደ መሆኑንም ጠየቅኳት። ወርዷል አለች። ውሃ የምታሞቀው በድስት ነው።