ሜዳችንን ወስዳችሁ ምንጣፍ አንጥፉ አትበሉን

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች በአንዱ የምንኖር ነዋሪዎች ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ተሰብስበን ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፤ በብሎኮቹ መካከል ያለውን ገላጣ ሜዳ በቆርቆሮ አጥሮ ለመኪና ማቆሚያ ማከራየት። ኮሚቴው ውሳኔውን ጨርሶ ስለመጣ ውይይቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «ሐኪሙ በየቀኑ ይራመዱ ብሎኛል፤ ሜዳው ከታጠረ የት ልራመድ?» ብለው ጠየቁ። ከመድረኩ የተሰጣቸው መልስ ቦርጭ ለማጥፋት ሜዳ አያስፈልግም፣ ቤት ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ በቀን 200 ሲት አፕ መሥራትና እንጀራ መተው ይበቃል የሚል ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፣ እጅ ወጣ፣ ውሳኔው ጸደቀ።

ያ መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ። የመኪና ባለቤቶችን ችግር አላቃልልም፤ በአንድ ሌሊት ከሦስት መኪና ላይ ስፖኪዮ ተነቅሎ ማደሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ሆኖም መሬቱን ለመውሰድ ማሳመኛ ሆኖ የቀረበው የጤና ምክር ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱ ከታወቀም ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስኳርና የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች የሚራመዱበትን ብቸኛ ሜዳ ሲነጠቁ ሐሰተኛ ምክር በምትኩ ሊሰጣቸው አይገባም።

«ሆድ የሚጠፋው ሆድን በመሥራት ነው» የሚለው እምነት ከጂም እስከ ፀጉር ቤት ድረስ የሚነገር በመሆኑ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው የለም። ማስረጃው ግን አለ፤ የሚናገረውም ተቃራኒውን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የታተመ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንዶች አወዳደረ። ለዓመታት ራኬት የሚይዘው ክንድ ከሌላው ይልቅ በጡንቻ ጎልብቶ ተገኘ፤ ከቆዳው ሥር ያለው የስብ ውፍረት ግን በሁለቱም ክንዶች አንድ ዓይነት ነበር። የሚሠራ ጡንቻ በላዩ ያለውን ስብ የሚበላ ቢሆን ኖሮ የቴኒስ ተጫዋች ቀኝና ግራ ክንድ በስብ ረገድ የሰማይና የምድር ያህል በተራራቁ ነበር። በ1984 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የጥናታቸውን ተሳታፊዎች በ27 ቀናት ውስጥ በድምሩ 5004 ሲት አፕ አሠሯቸው፤ ከሆዳቸው፣ ከጀርባቸውና ከመቀመጫቸው በመርፌ ስብ እየወሰዱም መረመሩ። የስብ ሕዋሳቱ መጠን በሦስቱም ቦታዎች ተመሳሳይ ለውጥ አሳየ እንጂ የሆዱ ስብ ተለይቶ አልቀነሰም፤ የተሳታፊዎቹ ክብደትም ሆነ አጠቃላይ ስባቸው ንቅንቅ አላለም። በ2011 ታትሞ በወጣ ሌላ ጥናት ሰዎች በሳምንት 5 ቀን ለ6 ሳምንት የሆድ ስፖርት ሠርተው የሆዳቸው ጡንቻ ጽናት ሲጨምር የወገባቸው ልክ ባለበት ቀረ። አምስት ሺሕ ሲት አፕ ያላደረገውን በቀን ሁለት መቶ ያደርጋል ብሎ ለታመሙ እናት መናገር ምን ይባላል?

ምክንያቱም ቢሆን ረቂቅ አይደለም። ጡንቻ ነዳጁን የሚቀዳው ከደም ነው እንጂ ከጎኑ ከተከመረው ስብ አይደለም። ሰውነት ከሚበላው በላይ ሲያወጣ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ሆርሞኖች ለመላው የስብ ጎተራ ትእዛዝ ያስተላልፋሉ፤ ጎተራው ከእጅም፣ ከፊትም፣ ከጭንም፣ ከሆድም ይከፈታል። ቀድሞ የሚከፈተው የትኛው እንደሆነ የሚወስኑት የዘር ውርስ፣ ጾታና ዕድሜ ናቸው እንጂ ሰውየው ምንጣፍ ላይ ተንጋሎ ያጠፈው የአካል ክፍል አይደለም። ተቃጠለ የምንለው ስብ በየት እንደሚወጣም ቢሆን ብዙ ሰው በላብ ነው ብሎ ያምናል፤ ለዚህም ሲል ሆዱን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚሮጥ ወጣት በየሜዳው አለ። በ2014 የታተመ ስሌት እንዳሳየው 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፤ ውኃ የሚሆነው 1.6 ኪሎው ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርጭ በዋናነት የሚወጣው በትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ ፈጠን አድርጎ የሚያቆየው ደግሞ እንደ እግር፣ መቀመጫና ጀርባ ያሉ ትልልቅ ጡንቻዎች የሚሳተፉበት እንቅስቃሴ ነው። እግር መሬት ይፈልጋል። የኮሚቴው ምክር ያፈረሰው ይህንን ነው፤ ትልልቆቹን ጡንቻዎች አስቀምጦ ትንሹን ጡንቻ ብቻ አሠሩ አለን። ሁለት መቶ ሲት አፕ የሚያወጣው ጉልበት ጠዋት ቢሮ በር ላይ ተገዝቶ የሚበላ የአንድ ቦንቦሊኖን ያህል እንኳ አይደለም።

ሲት አፕ ፋይዳ የለውም እያልኩ አይደለም፤ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያም ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲሠራ ይመክራል። ይኸው መመሪያ ግን ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ያስፈልጋል ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የሆድ ስብ ሁሉ አንድ አለመሆኑም በስብሰባው ላይ ያነሳው አልነበረም። ለበዓል በግ ሲታረድ ያየ ሰው ሁሉ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ጮማ ሌላ ነው፣ አንጀትና ጨጓራን እንደ ነጠላ የሸፈነው ሞራ ሌላ ነው። የሰውም እንዲሁ ነው። በእጅ ቆንጠጥ ተደርጎ የሚያዘው ጮማው ነው፤ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ግን በውስጥ አካላት ዙሪያ የሚከማቸው ሞራ ነው። ደስ የሚለው ነገር ይህ አደገኛው ስብ ለእርምጃና ለመሳሰለው እንቅስቃሴ ጥሩ ምላሽ የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ ሰው በሚዛን ላይ ብዙ ለውጥ ሳያይ እንኳ ሊቀንስለት ይችላል። ግትር ሆኖ እስከ መጨረሻ የሚቆየው የላዩ ጮማ በመሆኑ ብዙ ሰው መስታወት አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። መስታወቱን ትቶ የልብስ ሰፊ ሜትር ቢይዝ ይሻለዋል፤ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽን ቀስ ብሎ አውጥቶ፣ ሆድን ሳይስቡ መለካት ነው። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ ሥጋቱ ይጀምራል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፉ ደግሞ ሥጋቱ ከፍ ይላል።

የእኔ ወገብ ባለፈው መስከረም 104 ነበር። የደም ስኳሬ ድንበሩ ላይ መድረሱን ሐኪም የነገረኝ በዚያው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደዚያ ሜዳ እወርዳለሁ። አንድ ዙሩ 420 እርምጃ ነው፤ አሥር ዙር 35 ደቂቃ ገደማ ይወስድብኛል። በዚያ ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ነጠላ የተከናነቡ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ ጡረተኞች፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት እግሩን የሚያፍታታ የሚኒባስ ሾፌር፣ ሁሉም አንዱ የሌላውን ኮቴ እየሰማ ይዞራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሜትሩ አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። በገና ሰሞን 101፣ በፋሲካ 98፣ በሰኔ 96 ሆነ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዴን ለይቼ የሠራሁበት አንድም ቀን የለም።

እርግጥ ነው፣ በእርምጃ ብቻ አልመጣም፤ ማዕዱም ተለውጧል። በእንጀራ ላይ የተሰነዘረው ክስ ያናደደኝም ለዚህ ነው። ጤፍ ፋይበርና ብረት ያለው እህል ነው፤ አያቶቻችን እንጀራ እየበሉ ቦርጭ አላወጡም። ከአያቶቻችን ማዕድ የተለየው ወጡ፣ መጠጡና ሰዓቱ ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ሲይዝ አንድ ግራም ስኳር ወይም ዱቄት 4 ይይዛል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ዛሬ በየቤታችን ዘይቱ በማንኪያ እየተለካ አይጨመርም፤ ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስቱ ላይ ይንቆረቆራል። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ ቦርጩ ያልጎደለ ሰው በእንጀራው ላይ ከመፍረድ ይልቅ ሽሮው ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት፣ ሳምቡሳውንና በየቀኑ የሚደገመውን ፓስታ ይመልከት። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 200 ካሎሪ ገደማ በፈሳሽ መልክ ወስዷል፤ ቅዳሜ ማታ ሦስት ጠርሙስ ቢራ የጠጣ ደግሞ የአንድ ሰዓት እርምጃውን ከነትርፉ መልሷል። እኔ እንጀራዬን አላቆምኩም። ሁለቱን አንድ አደረግሁ፣ ትሪው ላይ ጎመንና ምስርን አበዛሁ፣ ስኳሩን ከሻዬ አወጣሁ፣ ዘይቱንም በማንኪያ አስለካሁ። በመጨረሻው ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ለመስማማት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል።

ከሁሉ የከፋው ሰዓቱ ነው፤ ይህም በከተማው ዳር የምንኖረውን ሰዎች ይበልጥ ይመለከታል። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ወይም ፒያሳ ውሎ የሚመለስ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፤ መንገድ ላይ ተቀምጦ፣ ቢሮ ተቀምጦ፣ ማታም ተቀምጦ ይመለሳል። ቤቱ የሚገባው በሁለት ሰዓት ነው። ራት በሦስት ሰዓት ይቀርባል፤ ቀኑን በቦንቦሊኖና በሻይ ያሳለፈ ሆድ የቀረበለትን ሁሉ ጠርጎ ይበላል፤ ወዲያው እንቅልፍ ነው፤ እንቅልፉም አጭር በመሆኑ በማግሥቱ ረኃቡ ይብሳል። ይህን ኑሮ የሚኖር ሰው ቦርጭ ቢያወጣ ሰነፍ ሊባል አይገባውም። በጉርብትናችን ውኃ ወደ ላይኛው ፎቅ በማይወጣበት ሳምንት ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ የሚወጡ እናቶች አሉ፤ ስንፍናን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን አገናኘው?

ታዲያ እንዲህ ላለው ሰው የቀረችው የማለዳዋ ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት፤ እሷንም የሚጠቀምባት ከደጁ ሳይርቅ መራመድ ከቻለ ነው። «አስፋልቱ አለላችሁ» የሚሉም አሉ። አስፋልቱ ወደ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚገቡ ከባድ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ የሚርመሰመሱበት ነው፤ በጨለማ ውሻ የሚያባርርበት፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የሆነ ዳር እንጂ የእግረኛ መንገድ የለውም። በመሐል ከተማ የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ሠርቷል፤ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»ም ሰው በአደባባይ እንዲንቀሳቀስ ዋና ዋና ጎዳናዎችን ለሰዓታት ከመኪና ነፃ አድርጓል። በዚያው ከተማ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ለሰው የተረፈውን ሜዳ ለመኪና መስጠት የተገላቢጦሽ ነው። የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ለመራመድ ቦታ ሲለምን ማየት ያሳፍረኛል።

ለኮሚቴው ያቀረብነው ጥያቄ ግልጽ ነው። መኪኖቹ እስከ አሁን እንደቆሙት ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው ጠጠር ላይ ይቁሙ፣ ሁለት የሌሊት ጥበቃ ይቀጠር፣ ወጪውን የመኪና ባለቤቶች ይክፈሉ፣ ሜዳው እንዳለ ይቆይ። መልሱ ሳይመጣ ትናንት ንጋት ላይ ስንወርድ ለአጥሩ ቋሚዎች ጉድጓድ ተቆፍሮ አገኘን፤ በሁለት እርምጃ ርቀት አንድ አንድ፣ በሜዳው ዙሪያ፣ ሰው በሚሄድበት መስመር ላይ። በስብሰባው ላይ የጠየቁት እናት የስልካቸውን መብራት እግራቸው ሥር እያበሩ፣ ጉድጓዶቹን እየዞሩ፣ ስድስት ዙራቸውን ጨርሰው ገቡ።