ሱሪ ለወንዱ፣ መስመር ለሴቷ

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራም ላይ አንድ ተንታኝ ስለ ጂምናስቲክ ልብስ ሲያወራ ሰማሁ። ነገሩን ያነሣው የኒውዚላንድ ጂምናስቲክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳለፈውን ውሳኔ ይዞ ነው። ማኅበሩ ሴቶች ከሊዮታርዳቸው (ሰውነት ላይ ከሚጣበቀው፣ እግርን ራቁት ከሚተወው ወጥ የጂምናስቲክ ልብስ) ላይ ቁምጣ ወይም ታይት ደርበው ቢወዳደሩ ነጥብ አይቀነስባቸውም አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውየው ግን ስምንተኛው ሺህ የገባ አስመሰለው። "ሊዮታርድ የስፖርቱ ወግ ነው" አለ። ቀጠለና "ቁምጣ ከደረበች ዳኛው የእግሯን መስመር፣ ቀጥ ማለቱን፣ እንዴት ያያል?" ብሎ ጠየቀ። አቅራቢውም "እውነት ነው" ብሎ አለፈው።

ምኑ ነው እውነቱ? ወንዶቹን በሱሪ አይደል እንዴ የሚዳኟቸው! ወንድ ጂምናስት ቀለበት ላይ ሲንጠለጠል፣ ባለ እጀታው ፈረስ በሚባለው መሣሪያ ላይ ሲሽከረከር፣ አግዳሚው ብረት ላይ ሲወጣ ረጅም ሱሪ ለብሶ ነው። መሬት ላይ ሲሠራና ሲዘል ደግሞ ቁምጣ ይፈቀድለታል። ጉልበቱ ትንሽ ከታጠፈ ወዲያው ነጥብ ይቀነስበታል። ዳኛው በጨርቅ ውስጥ አየው ማለት ነው። ታዲያ የዳኛ ዓይን የሚፈዘው የሴት ጉልበት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው?

ወግ ከተባለም ወጉን ከሥሩ እንየው። ይህን ልብስ ያስተዋወቀው ዡል ሌዮታር የሚባል የፈረንሳይ አክሮባት ነው። የቱሉዝ ልጅ ነው። አባቱ የጂምናስቲክ አስተማሪ ነበር፤ ልጁም ከመዋኛ ገንዳ በላይ ትራፒዝ (በገመድ የሚንጠለጠል የሰርከስ ዥዋዥዌ) ሰቅሎ ይለማመድ ነበር። ቢወድቅ ውሃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1859 ሲርክ ናፖሊዮን በተባለው የፓሪስ ሰርከስ ቤት ከአንዱ ትራፒዝ ወደ ሌላው በአየር ላይ ዘለለ። የለበሰው ሰውነቱን አጥብቆ የሚይዝ ወጥ የሹራብ ልብስ ነበር። ገመድ ላይ አይያዝም፤ ጡንቻውንም ያሳይለታል። ሌዮታር በ1870 ሞተ፤ ልብሱ በስሙ መጠራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወጉ ይህ ከሆነ፣ ወጉ የወንድ ነው። ከሌዮታር ወዲህም የሰርከስ ጉልበተኞችና አክሮባቶች ለብሰውታል። የትግል ስፖርተኞች ዛሬም ዘመዱን ይለብሳሉ። ይባስ ብሎ ዛሬ ወንድ ጂምናስት ከወገቡ በላይ የሚታየው እጅጌ የሌለው ቦዲ ራሱ ሊዮታርድ ነው፤ ሱሪውን ደርቦበት እንጂ! ኒውዚላንድ ለሴቶቹ የፈቀደችው ወንዶቹ ሲያደርጉት የኖሩትን ነው። ወንድ ሲደርብ ደንብ፣ ሴት ስትደርብ የወግ መፍረስ። እንዲህ ዓይነቱን ክርክር በሬዲዮ ለሕዝብ ማሰማት ድፍረት ይጠይቃል።

የዓለም አቀፉን የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን የ2022–2024 የሴቶች ደንብ ያላነበበ ያጋነንኩ ይመስለዋል። የሊዮታርዱ እግር ከመቀመጫዋ ግርጌ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ መውረድ የለበትም ይል ነበር። ወይ እስከ ቁርጭምጭሚት ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነበር፣ ወይ 2 ሴንቲ። መሀል ላይ ቁምጣ የሚባል ነገር አልነበረም። እናንተዬ፣ ይህን ሰብሰብ ብለው በማስመሪያ የለኩት ሰዎች ትንሽ አላፈሩም? ልጅቷ ደግሞ ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር በሆነ እንጨት ላይ ወደ ኋላ እየተገለበጠች ነው። ልብሱ ወደ ላይ እንዳይሰበሰብባት ቆዳዋ ላይ ማጣበቂያ ረጭታ የምትወጣ አለች። የወር አበባዋ የመጣ የ13 ዓመት ልጅ በዚህ ልብስ ዳኛና ካሜራ ፊት ስትቆም ምን እንደሚሰማት ለማወቅ ጥናት አያስፈልገኝም። ስንቷ "ሰለቸኝ" ብላ የቀረችው በዚሁ ሰበብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ጀርመኖቹ ጂምናስቶች እነ ሳራ ፎስ መጀመሪያ ባዝል ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና፣ ቀጥሎ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ ለብሰው ወጡ። ምን ተፈጠረ? ምንም። ዳኞቹ ነጥባቸውን ሰጡ፣ ውድድሩ ቀጠለ። ከዚያም በፊት ቢሆን የተሸፈነ ሰውነት ማን ያዘው? ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበትን ምሽት የማያስታውስ የለም። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ስታዲየም፣ አውስትራሊያዊቷ ካቲ ፍሪማን ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሸፍና 400 ሜትሩን በ49.11 ወርቅ አደረገችው።

ይህን ስል "ጎሽ፣ ሴት ልጅ ትሸፈን" ብሎ የሚያጨበጭብልኝ አይጠፋም። አያጨብጭብ። እሱም ከተንታኙ አይሻልም፤ ሁለቱም በሴቷ ልብስ ላይ የመጨረሻውን ቃል ለራሳቸው ይፈልጋሉ። ሴሬና ዊልያምስ በ2018 ፈረንሳይ ኦፕን ላይ ከወሊድ በኋላ ላስቸገራት የደም መርጋት ስትል መላ ሰውነቷን የሚሸፍን ጥቁር ልብስ ብትለብስ፣ የፈረንሳይ ቴኒስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሁለተኛ አይፈቀድም አሉ። በ2021 የኖርዌይ የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ሴቶች በቢኪኒ ፈንታ ቁምጣ ለብሰው ቢገቡ 1,500 ዩሮ ተቀጡ። መልበስ የምትፈልግ ትልበስ፣ ሊዮታርዷን የምትወድም በሊዮታርዷ ትውጣ። ክሪስታል በክሪስታል አድርጋ ትውጣ፣ ማን ምን አገባው?

ለእነ ተንታኙ አንድ ነገር አምንላቸዋለሁ። ሰፊና የተንዘረፈፈ ልብስ ብረት ላይ አደገኛ ነው፤ እጅ ይይዛል፣ ይጠልፋል። ግን ቁምጣውም ታይቱም ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ነው። ወንዶቹም ከአግዳሚው ብረት በላይ ተወርውረው፣ አየር ላይ ተገልብጠው፣ ብረቱን መልሰው የሚይዙት ሱሪ ለብሰው ነው። አንዱንም ሱሪው ጠለፈው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።